የአንኮበር የቤት ዕቃና ሁለት እንግዶች፤ ስለ ሀሪስና ስለ ጆንስተን መጻሕፍት የቀረበ ሂስ

ስለ ሰሜን ሸዋ የቤት ዕቃና የዕለት ልማድ ለማጥናት የተነሣ ተማሪ ገና ሥራውን ሲጀምር ሁለት እንግሊዛውያን የጻፏቸው መጻሕፍት ይገጥሙታል። አንደኛው የካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ «የኢትዮጵያ ደጋዎች» የተባለው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሐኪሙ የቻርልስ ጆንስተን በአዳል በኩል ወደ ሸዋ ስላደረገው ጉዞ የሚናገረው ባለ ሁለት ቅጽ ነው። ሁለቱም የታተሙት በለንደን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ነው። የሚናገሩትም ስለ አንድ አገርና ስለ አንድ ዘመን፣ ማለት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ይገዙ ስለነበረበት ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ ሁለት ልዩ ልዩ አገሮች ያነበበ ሊመስለው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት ከምን እንደመጣ ማሳየት፣ ከዚያም እኛ ራሳችን የያዝነውን የጥናት መንገድ በዚሁ ሚዛን መመዘን ነው።

ሀሪስ ወደ ሸዋ የመጣው በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ፣ ከሹማምንትና ከወታደሮች ጋር፣ ብዙ ገጸ በረከት አስጭኖ ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። እንግዲህ አንኮበርን ያየው ከአዳራሹ ውስጥ፣ ከእንግዳ መቀመጫ ላይ ሆኖ ነው። ስለዚህም በመጽሐፉ ጎልተው የሚታዩት ከግድግዳ ላይ የተሰቀሉት በብር ያጌጡ ጋሻዎች፣ ጠመንጃዎችና ምንጣፎች፣ ጥሬ ሥጋ የሚቆረጥበት ግብርና የጭፍራው ብዛት ናቸው። አጻጻፉም እንዲሁ ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹ በጌጥ የተጫኑ ናቸው። ስለ ሕዝቡ ልማድ የጻፋቸው ምዕራፎች መኖራቸውን አንክድም፤ ከእነርሱም ብዙ ተምረናል። ነገር ግን ዕቃው የሚታየው ለበዓል በወጣበት ሰዓት ነው። ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳጠበው፣ ከግብሩ በኋላ ወዴት እንደተመለሰ አንባቢው ብዙ ጊዜ ሳያውቅ ይቀራል።

ጆንስተን ግን በ1842 ሸዋ ሲገባ እንደ ሀሪስ ያለ ማዕረግ አልነበረውም። ከአንኮበር ገደል በታች ባለችው በዓልዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ ንዳድም እየተመላለሰበት ብዙ ቀን በአልጋ ላይ ዋለ። የታመመ ሰው የሚያየው የቤት ውስጥ ሥራን ነው። ስለዚህ በእርሱ መጽሐፍ ጠጅ እንዴት እንደሚጣልና ጌሾው እንዴት እንደሚገባ፣ ጥጥ እንዴት ተፈትሎ እንደሚሸመን፣ በገበያ አሞሌ ጨው እንዴት እንደሚመነዘር እናነባለን። ጆንስተን ከሀሪስ ጋር ቅር የተሰኘበት ነገር ስለነበረው፣ ስለ መልእክተኞቹ የሚናገረውን በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ስለ ጠጅና ስለ ጥጥ ሲናገር ግን የሚከራከርበት ሰው የለውምና ልባችንን አሳርፈን እናነበዋለን።

ለምሳሌ አሞሌን እንውሰድ። ዛሬ አሞሌ በየኤግዚቢሽኑ ሲቀመጥ «ጥንታዊ ገንዘብ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይለጠፍበታል። በዓልዩ አምባ ገበያ ግን አሞሌ ገንዘብ ከመሆኑም በላይ ጨው ነው፤ የቸገረው ሰው ገንዘቡን ሰባብሮ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ማሪያ ቴሬዛ ብር በሣጥን ቢቀበር አይጎድልም፤ አሞሌ ግን እርጥበት ይፈራል፤ የአንኮበር ጉም ደግሞ የታወቀ ነው። እንግዲህ ያንኮበር ባለጸጋ ሀብቱን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከጉምም ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ይህን የምንረዳው አሞሌን በሚዛን ላይ ስናየው ሳይሆን በቤት ውስጥ ስናየው ነው።

የዓልዩ አምባ ስፍራም ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ከላይ ደጋው አለ፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ብርዷ የታወቀ፣ ገብስና በግ የሚበዛባት አገር ናት። ከእርሷም ወዲያ መንዝ አለ፤ ከበጉ ጸጉር ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ከታች በይፋት ቆላ ጥጥ ይበቅላል፤ አርጎባዎቹም በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ በአንድ የደብረ ብርሃን ቤት መደብ ላይ ከላይ ባና፣ ከሥር ጋቢ ተደርቦ ስናይ፣ የምናየው የሁለት አገርና የሁለት ሃይማኖት ጎረቤታሞች የገበያ ስምምነት ነው። ሀሪስ ይህን ገደል ሲወጣ በመልክዓ ምድሩ ውበት ተደንቋል፤ ጆንስተን ግን ከገደሉ ሥር ስለተቀመጠ ወጪና ወራጁ የተሸከመውን ጭነት አየ።

ሁለቱም መጻሕፍት ለእኛ ለአገሩ ልጆች የሚያሳፍር፣ ነገር ግን የሚጠቅም እርማት ይሰጡናል። ዛሬ ስለ ባሕላችን ስንናገር ጀበናና ስኒን ከመሶብና ከእንስራ ጋር አሰልፈን «ከጥንት ጀምሮ የመጣ» እንላለን። በሣህለ ሥላሴ ዘመን ግን ቡና በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ የእስላም መጠጥ ተብሎ የሚነቀፍ ነበር። በዓልዩ አምባ እስላሞች ቤት ቡና ሲፈላ፣ ከገደሉ በላይ ያለው ክርስቲያን አይቀምስም ነበር። ነቀፌታው የላላው በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዲህ ዛሬ ክርስቲያን እናቶች ሦስቱን ዙር፣ አቦልን፣ ቶናንና በረካን የሚያፈሉበት ልማድ ከጎረቤት የተወረሰ ነው። ይህ ቡናውን አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ጎረቤታሞቹ እንዴት እንደተቀራረቡ ይመሰክራል። ልማድም እንደ ሰው የልደት ቀን አለው፤ የልማድን ልደት ሳይመረምሩ «ጥንታዊ» ማለት ግን ጥናት ሊባል አይችልም።

ሌላው እርማት ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ስለ እንስራና ስለ ድንጋይ ወፍጮ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ በናፍቆት እንጽፋለን። ጆንስተን ግን ወደ አንኮበር ቤተ መንግሥት እንስራ አዝለው ዳገቱን የሚወጡትን ሴቶች ሲገልጽ ባሪያዎች መሆናቸውን አልደበቀም። በንጉሡ ቤት እህሉን የሚፈጩትም እንደነዚሁ ያሉ ሴቶች ነበሩ። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ባሪያ ባልነበረበት ቤትም ቢሆን ሚስት ወይም ልጅ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ በመጁ ላይ ትጎነበስ ነበር። ስለዚህ ወፍጮ ቤት በተተከለበት፣ ጀሪካንም እንስራን በተካበት መንደር ያለችን እናት «ባሕልሽን ለምን ተውሽ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ አይመስለንም። ወገቧ ይመልስልናልና። ዕቃው ሲያልፍ መዝግቦ ማስቀረት የተማሪ ሥራ ነው፤ ሸክሙ እንዲቀጥል መመኘት ግን ሥራችን አይደለም።

የሁለቱም መጻሕፍት የጋራ ጉድለት ዕቃውን የሠራችው ሴት ራሷ ስትናገር የምትሰማበት ስፍራ ጥቂት መሆኑ ነው። እንግዳ ሰው ነጠላን ያያል፤ የጥለቱን ስፋት ይለካል፤ ዋጋውንም ይጠይቃል። ነገር ግን ያው ነጠላ በቤተ ክርስቲያን ሲሆን እንደሚመሳቀል፣ በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ ፊት እንደሚዞር፣ በታላቅ ሰው ፊት ሲቆሙ ከወገብ ላይ እንደሚደገደግ የሚያውቀው ለባሹ ነው። በሣጥን ውስጥ የታጠፈ ነጠላ ሐዘን ላይ ይሁን ሠርግ ላይ አይታወቅም። ብርሌም እንዲሁ ነው፤ አሳላፊው አስቀድሞ በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ካልቀመሰ በቀር ብርሌው የመተማመን ዕቃ መሆኑ አይገለጥም።

ይህን ሁሉ በሁለት እንግዶች ላይ ከተናገርን በኋላ ስለ ራሳችን ዝም ማለት አይገባንም። እኛ በደብረ ብርሃን አንድ የድንጋይ ቤት ውስጥ የዕቃ ዝርዝር ለማዘጋጀት ገብተን ነበር። የያዝነው ደብተር በአራት ዐምድ የተከፈለ ነበር፤ ስም፣ የተሠራበት ነገር፣ ልክ፣ ጥቅም። መሶቡ ዘንድ በደረስን ጊዜ ሜትሩን ዘረጋን። የቤቱ እመቤት ጥቂት ካዩን በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ወደ መሶብ የሚቀረበው እጅ ታጥቦ ነው እንጂ ሜትር ተይዞ ነው?» አሉን። ሳቅን፤ ግን መለካታችንን አልተውንም። በደብተሩም ላይ «ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ፤ የክዳኑ ቀለም ከመካከሉ ጀምሮ ይለወጣል፤ ለጌጥ» ብለን ጻፍን።

እጃችንን ታጥበን ከበላን በኋላ ግን እመቤቲቱ ክዳኑን አንሥተው በጣታቸው እያሳዩ፣ «እስከዚህ ድረስ እናቴ ናት የሰፋችው፤ ከዚህ ወዲህ ያለው የኔ ነው። ሳትጨርሰው ሞተችብኝ። እሷ አክርማውን የምትነክርበትን ቀለም እኔ ላገኘው አልቻልሁም» አሉን። እኛ «ለጌጥ» ብለን የጻፍነው የአንዲት እናት ሞት ነበር። ከአራቱ ዐምዶቻችን አንዱም ይህን ለመቀበል ስፍራ አልነበረውም። ያን ጊዜ እኛም በሀሪስ ወንበር ላይ ተቀምጠን እንደነበር ገባን፤ ልዩነታችን አማርኛ መናገራችን ብቻ ነበር።

በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተያዘው አደራደር ሊመሰገን ይገባል። የሕዝቡን ዕቃ ያሰለፈው እንደ ሸክላ፣ እንደ ቆዳ፣ እንደ እንጨት በየዓይነቱ ለይቶ ሳይሆን፣ ሰው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ጎልምሶ እስኪሞት ድረስ በሚያልፍበት መንገድ ነው። ዕቃው ከሰው ዕድሜ ጋር ሲቀመጥ ተመልካቹ «ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «መቼና ለማን?» ብሎ ይጠይቃል። ወደፊት በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር እንዲህ ያለ ስብስብ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ቢከተሉ፣ በተጨማሪም የሠሪዋን ቃል ከዕቃው ጋር ቢያኖሩ እንወዳለን።

በአጭሩ ፍርዳችን ይህ ነው። የሀሪስ መጽሐፍ የአዳራሹን ድምቀት ለማወቅ ይጠቅማል፤ የቤቱን ኑሮ ለማወቅ ግን የጆንስተን ይበልጣል። የበለጠውም በዕውቀቱ ብዛት ሳይሆን በተቀመጠበት ስፍራ ነው፤ ታሞ በሰው እጅ ስለወደቀ የሰውን እጅ አየ። እኛ ሳንታመምም ያንኑ ማየት እንችላለን፤ የሚያስፈልገን ጊዜ ሰጥቶ መቀመጥና መጠየቅ ነው። በደብተራችንም ላይ አምስተኛ ዐምድ ጨምረናል፤ ርእሱም «ማን ሠራው? ስለ እርሱስ ምን ይላሉ?» የሚል ነው። ያን የመሶብ መስመር ግን አልፋቅነውም። «ለጌጥ» የሚለውን ሰርዘን፣ ስሕተታችን እንዲታይ ከነስርዙ ትተን፣ ከጎኑ እመቤቲቱ የነገሩንን ጽፈንበታል።