ጠመንጃው የሚያየው

ለቅዳሜ ገበያ ከቢልባላ የመጣ ልጅ፣ ቲቪ ጌም ከነፕላስቲክ ጠመንጃው ይዞ ላሊበላ ያለችው መጠገኛ ሱቄ ገባ። «ጋሼ፣ ጌሙ ይሠራል፤ ጠመንጃው ግን ዳክዬዋን አልመታ አለ።» ቴሌቪዥናችሁ ምን ዓይነት ነው አልኩት። ፍላት ነው። እንግዲያው ጠመንጃው ደህና ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ለዚህ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ስልክ ላይ ኢሙሌተር፣ ማለትም የድሮ ጌም የሚያስኬድ ፕሮግራም፣ መጫን። «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም! ይህ ጠመንጃ አይተኩስም፤ ያያል። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ነጭ አራት ማዕዘን ብልጭ ይላል። አፈሙዙ ውስጥ ያለው የብርሃን ዳሳሽ ያን ነጭ በሰዓቱ ካገኘው መታ፣ ካጣው ሳተ። የድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚስለው በኤሌክትሮን ጨረር መስመር በመስመር ነው፤ በሰከንድ 15 ሺህ ከምናምን መስመር። ዳሳሹም የተቃኘው ለዚያ መርገብገብ ነው። ፍላቱ ምስሉን ያዘገያል፤ ብርሃኑም እንደዚያ አይርገበገብም። ስለዚህ ቱቦው የጌሙ ግማሽ አካል ነው እላለሁ፤ ከዚህ ንቅንቅ የለም።

ማሽንና ጨዋታ ገና ከውልደታቸው እንዲህ የተሳሰሩ ናቸው። ከአፕል መሥራቾች አንዱ ስቲቭ ዎዝኒያክ ብሬክአውት የተባለውን በሳንቲም የሚሠራ ጨዋታ ለአታሪ ኩባንያ ነድፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው አፕል 2 ኮምፒውተር ቀለምና ድምፅ ያገኘው በአብዛኛው ያን ጨዋታ ቤት ውስጥ ለማስኬድ ሲባል ነው። የአፕል 2 አንጎል 6502 የሚባለው ቺፕ ነበር። የዚያው ቺፕ ዘመድ በ1983 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም የተባለው የቤት ጌም ማሽን ላይ ገባ፤ የ1981ዱን ዶንኪ ኮንግ ከመጫወቻ አዳራሽ ወደ ሳሎን አመጣው። እኛ ቲቪ ጌም የምንለው አብዛኛው የፋሚኮም ኮፒ ነው። ልጆች ሁለት ሆነው የሚጫወቱት የታንኩ ጌምም ዘሩ የ1980ው የናምኮ ኩባንያ የአዳራሽ ጨዋታ ነው።

እኔን ወደ ሙያው የሳበኝ ያ ታንክ ነው። በምጫንበት ቁልፍና በሚንቀሳቀሰው ታንክ መካከል ምን እንዳለ ለማወቅ ስል ክዳን መፍታት ጀመርኩ፤ ቤተሰቤን የማስተዳድረውም እስከ ዛሬ ክዳን እየፈታሁ ነው።

ሰው ፍላት ሲገዛ የሚጥለውን ቱቦ ቴሌቪዥን እሰበስባለሁ። ወጣቱ መደርደሪያው ጠበበ እያለ ያጉረመርማል። ለልጁ አንዱን መርጬ አቧራውን አራገፍኩለት፤ የኋላ ክዳኑን በራሱ እንዳይከፍትም አስጠነቀቅሁት፣ ቱቦው ከሶኬት ተነቅሎም ኃይል ይይዛልና። እዚያው ሰክተን ሲተኩስ ዳክዬዋ ወደቀች።