«ምትኬ»፣ «ምስጠራ»፣ «ቁልፍ»፦ በመጠባበቂያ ቅጂ መመሪያዎች አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

በጣና ሐይቅ ደሴቶች ያሉ ገዳማት የብራና መጻሕፍታቸውን ለዘመናት ያቆዩት በዕቃ ቤትና በጠባቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት ከእነዚሁ መጻሕፍት ብዙዎቹን በማይክሮፊልም ሲያነሣ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ታከለ፤ ይኸውም ዋናው በስፍራው ሳለ ቅጂውን ርቆ በሚገኝ ቦታ ማኖር ነው። ዛሬ ይህ ተግባር በአብዛኛው የሚከናወነው ከኮምፒዩተር ጋር ከውጭ በሚያያዝ ሃርድ ዲስክ ሲሆን፣ ዲስኩ ቢሰረቅ ባዕድ እንዳያነበው ይዘቱ ይመሰጠራል። ለምሳሌ በባሕር ዳር የሚገኝ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ለማድረግ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ቢከፍት ሦስት ቃላት ይቀበሉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃላቱ ሠራተኛውን በትክክል ይመሩታል ወይስ ያሳስቱታል የሚለውን መመርመር ነው።

1. ምትኬ። ይህ ስያሜ በእጅ ስልክና በኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አማርኛ ተለምዷል። አጭርና አገርኛ መሆኑ የሚያስመሰግነው ነው። ሆኖም ቃሉ «ምትክ» ከሚለው ስም ባለቤትነትን ከሚያመለክት ቅጥያ ጋር የተሠራ ሲሆን፣ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው በሰው ስምነቱ ነው፤ ልጅ የሞተባት እናት ከዚያ በኋላ ለወለደችው የምታወጣው ስም ነው። ምትክ የሚመጣው የመጀመሪያው ከጠፋ በኋላ ነው። እዚህ የተፈለገው ጽንሰ ሐሳብ ግን ከጥፋት በፊት የሚዘጋጅ፣ ከዋናው ጎን ለጎን የሚኖር ነገር ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ፋይሎቹን ወደ ዲስኩ አዛውሮ ከኮምፒዩተሩ የሚደመስስ ሰው «ምትክ አበጀሁ» ቢል ቃሉ አይቃወመውም፤ በእጁ የቀረው ግን ያው አንድ ብቻ ነው።

ከዚህ ይልቅ «መጠባበቂያ ቅጂ» ይሻላል። «መጠባበቂያ» በጀትና የእህል ክምችት በሚባልበት አነጋገር ለክፉ ቀን አስቀድሞ የሚቀመጠውን ያመለክታል። «ቅጂ» ደግሞ «ቀዳ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ከሐይቁ ውሃ የቀዳ ሰው ሐይቁን ባዶ አያደርገውም። «ግልባጭ» የሚለው ለደብዳቤ ሥራ የተለየ ስለ ሆነ ለእርሱ መተው ይገባል።

2. ምስጠራ። እዚህ ችግሩ ከግሱ ርባታ ይመነጫል። በቅኔና በትርጓሜ ቤት «አመሰጠረ» ማለት የተሰወረውን ምስጢር ገለጠ፣ አብራራ ማለት ነው። የዚህም ተደራጊ፣ «አመሰገነ» «ተመሰገነ» እንደሚል፣ «ተመሰጠረ» ይሆናል። እንግዲህ በጎጃም ቅኔ ቤት ያደገ አንባቢ «የተመሰጠረ ዲስክ» የሚለውን ቢያነብ «ምስጢሩ የተገለጠ» ብሎ ቢረዳው ስሕተቱ የእርሱ አይደለም፤ ተርጓሚው ከፈለገው ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው።

ቃሉ ሥር ስለ ሰደደ ይነቀል ማለት የሚቻል አይመስለንም። በመመሪያው መጀመሪያ ላይ «ያለ መክፈቻው እንዳይነበብ የተመሰጠረ» ተብሎ አንድ ጊዜ ቢብራራ፣ «አመሰጠረ» የሚለውም ለነባር ባለቤቶቹ ቢተው ይበቃል። ለተቃራኒው ተግባር «መፍታት» አለ፤ እንቆቅልሽና ሕልም የሚፈታበት ቃል ለዚህም ይሆናል።

3. ቁልፍ። ከሦስቱ አደገኛው ይህ ነው። «ቁልፍ» የሚቆልፈውም፣ የሚከፍተውም፣ የሸሚዝ መያዣውም፣ በኮምፒዩተር ገበታ ላይ የሚጫኑትም ነው። በአንድ ገጽ «ቁልፉን ይጫኑ» እና «ቁልፉን ያስቀምጡ» ሲባል አንባቢው የትኛውን ይያዝ? ቢትሎከር የተባለው ፕሮግራም ዲስክ ሲመሰጥር ከይለፍ ቃሉ ሌላ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል። የይለፍ ቃሉ ቢረሳ ዲስኩን የሚያስከፍተው ይህ ቁጥር ሲሆን፣ ሁለቱም ከጠፉ ይዘቱ ለባለቤቱም አይነበብም። ይህን ቁጥር ራሱ በሚቆለፈው ዲስክ ውስጥ ማስቀመጥ ቤትን ቆልፎ መክፈቻውን በውስጥ እንደ መተው ነው። ስለዚህ ለሚከፍተው «መክፈቻ» የሚለውን ነባር ቃል፣ ለ48 አኃዙም «መጠባበቂያ መክፈቻ» የሚለውን እንመርጣለን። «ቁልፍ» ለገበታው ይቅር።

በመጨረሻም የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ አለ። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ የጻፈ ሰው በአንባቢ ዘንድ ይታለፋል፤ በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የይለፍ ቃሉን በፊደላችን የሚጽፍ ሰው የመረጠውን ሆሄ እንዳይለውጥ መመሪያው ሊያስጠነቅቀው ይገባል። ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ከባዕድ ቋንቋ ቃል በቃል በሚተረጎም መመሪያ ውስጥ አይገኝም፤ በዋናው ጽሑፍ የለምና። የስያሜ ሥራ ከትርጉም ሥራ የሚለየው በዚህ ነው፤ ተርጓሚው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቃሉን አምኖ እጁን የሚዘረጋውን ሰው ጭምር ማየት አለበት።