የጡት ወተት ማለቢያ ንጽሕና በቤት ውስጥ፤ መመሪያው ለጢቾ እናት ምን ይላታል?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጡት ወተት ማለቢያን በቤት የማጽዳት መመሪያ መነሻው አንድ አሳዛኝ ክስተት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በፔንሲልቬንያ ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ ክሮኖባክተር ሳካዛኪ በተባለው ባክቴሪያ ምክንያት በማጅራት ገትር ታመመ። ባክቴሪያው በማለቢያው፣ በታለበው ወተትና በዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ መውረጃ ተገኘ። ዕቃው የሳሙና ውሃ ውስጥ ለሰዓታት ይዘፈዘፍ እንጂ በሚገባ አይፈተግም፣ አይቀቀልምም ነበር።

የመመሪያው ጥንካሬ ከዚህ ስሕተት የወጣ መሆኑ ነው። ወተት የነካው ክፍል ሁሉ ከእያንዳንዱ አገልግሎት በኋላ ወዲያው ተፈታትቶ፣ ለዚሁ ብቻ በተለየ ሳፋና ብሩሽ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፤ በነፋስ ፈጽሞ ይደርቃል። ከ2 ወር በታች ለሆነ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ወይም የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሕፃን ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ 5 ደቂቃ መቀቀል ይታከልበታል።

ጉድለቱ መመሪያው የቧንቧ ውሃና ማቀዝቀዣ ያለውን ወጥ ቤት ታሳቢ ማድረጉ ነው። ውሃ በጄሪካን የሚቀዳበት፣ አንዱ ሳፋ ለልብስም ለዕቃም የሚያገለግልበት ቤት በመመሪያው ውስጥ አይታይም። እንዲህ ባለ ቤት የጤና ባለሙያው የመጀመሪያ ምክር ማለቢያ መግዛት ሳይሆን ሌላ ሳፋ መለየት ሊሆን ይገባል።

በአርሲ ደጋ ጥያቄ የሚያስነሣው ሌላው ጉዳይ ከፍታው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ93 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ክሮኖባክተርን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ከ70 ዲግሪ በላይ ባለው ሙቀት በፍጥነት ስለሚሞቱ 5 ደቂቃው በቂ ነው፤ ደቂቃው መቈጠር ያለበት ግን ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ነው። በጢቾ ይበልጥ የሚያሳስበው ማድረቁ ነው። በክረምት እርጥበት ያልደረቀን ዕቃ በላስቲክ ቋጥሮ ማስቀመጥ፣ ወይም በነጠላ ጫፍ መወልወል፣ የተቀቀለውን መልሶ ያቆሽሻል። የደጋው ብርድም ማቀዝቀዣን አይተካም፤ ታልቦ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ወተት ከ4 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም።

መመሪያው የማያውቀው አንድ ሀብት ደግሞ አለ። የአርሲ ሴት የወተት ዕቃ ካልታጠበ፣ ካልታጠነና ካልደረቀ ወተቱን እንደሚያበላሽ ከእናቷ ተምራለች። ምክሩ ከዚህ ዕውቀት ቢጀምር በቀላሉ ይገባታል። ሆኖም ጢስ የማለቢያውን ፕላስቲክ ስለማያጸዳ፣ የማጠኑን ቦታ መቀቀል እንደሚተካው ሊነገራት ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን መመሪያው ዕቃው አስቀድሞ በእጅ እንዳለ ይቆጥራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ሲሰጥ፣ ጡት ብቻ የማጥባቱ ምክር ግን 6 ወር ነው። ተቀጣሪዋ እናት ቀሪዎቹን ሦስት ወራት የምትሻገረው ወተቷን በማለብ ነው። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ በተቀቀለ ሰፊ አፍ ባለው ኩባያ በእጇ ብታልብ፣ ሕፃኑም ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ሲኒ ቢጠጣ፣ የሚታጠበው ዕቃ ይቀንሳል። ስለዚህ ለጢቾ የሚዘጋጅ ምክር በእጅ ማለብን በማስተማር ሊጀምር፣ የማለቢያውን አጸዳድ ደግሞ ዕቃው ላላቸው እናቶች ሊያስከትል ይገባል።