ግምቱን ትቶ መጠየቅ

ፕሮግራም ሲበላሽ እጃችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ኮዱ ነው። አንድ መስመር ለውጠን እናስኬደዋለን፤ ካልሆነ ሌላ እንለውጣለን። ቡታጅራ ውስጥ ፕሮግራሚንግ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ የማስተዋቸው ይህን ልማድ ነው። በምትኩ ጂዲቢን አስለምዳቸዋለሁ። ጂዲቢ ሪቻርድ ስታልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ለግኑ ፕሮጀክት የጻፈው፣ ተርሚናል ላይ በሚጻፍ ትእዛዝ የሚሠራ ዲበገር (የፕሮግራም ጥፋት መፈለጊያ) ነው። የሚያመላልሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔቱ ደካማ በሆነበት ቀን እንኳ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ገብቶ ለመሥራት ያመቻል።

ማስተማሪያዬ በሲ የተጻፈች አጭር ፕሮግራም ናት። የሰው ዕድሜንና የሚኖርበትን ቦታ ትመዘግባለች። ለቦታው ስም 12 ባይት ተይዟል፤ ዕድሜው ሜሞሪ ላይ ከዚያ ቀጥሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ዕድሜው ይሞላል፣ ከዚያ ስሙ ይገለበጣል። የቦታ ስሞቹ በላቲን ፊደል ሲገቡ ምንም ችግር የለም። በአማርኛ ሲገቡ ግን የቸሃ፣ የሶዶና የጉመር ሰዎች ዕድሜ በትክክል ሲወጣ፣ የ34 ዓመቱ የቡታጅራ ሰው ዕድሜ ዜሮ ይሆናል፤ የወልቂጤውም እንደዚሁ። የእንድብሩ ሰው ደግሞ 11,372,769 ዓመት ይሞላዋል። ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ኤረርም አያወጣም።

ተማሪዎቹ ዕድሜን የሚያነበውንና የሚያትመውን መስመር ይጠረጥራሉ፤ እዚያ ግን ምንም ጥፋት የለም። ያን ጊዜ ጂዲቢን እንከፍታለን። በብሬክ ትእዛዝ ፕሮግራሙን እናስቆመዋለን፣ በኔክስት መስመር በመስመር እንሄዳለን፤ ዕድሜው 34 መሆኑን በፕሪንት ካረጋገጥን በኋላ ዎች ብለን ዕድሜውን እንዲጠብቅልን እናዘዋለን። ኮንቲኒዩ ስንለው ዕድሜው በተነካበት ቅጽበት ራሱ ይቆማል፦ አሮጌው ዋጋ 34፣ አዲሱ 0። ማን ነካው? ባክትሬስ መልሱን ያሳያል፤ የነካው የቦታውን ስም የሚገለብጠው ፈንክሽን ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ደግሞ ስለ ፊደላችን ማወቅ ያስፈልጋል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ሶዶ 6፣ ጉመር 9፣ ቡታጅራ 12 ባይት ነው። ሲ በቃሉ መጨረሻ የሚያኖረው ዜሮ 13ኛ ሆኖ ዕድሜው ላይ ያርፋል፤ 34 የተጻፈበትም ያው ባይት ነው። እንድብር አምስት ፊደል ስለሆነ «ር» ራሷ የዕድሜው ቦታ ላይ ተቀምጣለች። ሜሞሪውን ባይት በባይት ሲያዩት ሦስቱ ባይቶቿ እዚያ ይገኛሉ።

አሥራ አንድ ሚሊዮን ዓመት ማንም አይቶ ይጠይቅበታል። የሚያሰጋኝ ዜሮው ነው፤ መዝገብ ላይ ዕድሜ ዜሮ ማለት ሕፃን ማለት ነውና ሳይጠረጠር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ልደትና ሞት በተከታተለበት አካባቢ የዕድሜ ቁጥር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ለላቲን ፊደል ተለክቶ የተሠራ ኮድ ጥፋቱ መጀመሪያ የሚታየው የእኛ ሰዎችና የእኛ ከተሞች ስም ላይ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱን መርምሮ ማግኘትም የእኛ ሥራ ነው።

ዲበገር ጥፋቱ የት እንዳለ ያሳያል እንጂ አያስብልንም። ስለዚህ ተማሪዎቼን ፕሪንት ከማለታቸው በፊት የሚጠብቁትን ዋጋ ደብተር ላይ እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የጻፉትና ያዩት የተለያዩበት ቦታ ስህተቱ የሚፈለግበት ቦታ ነው፤ ስህተቱ አንዳንዴ ከኮዱ፣ አንዳንዴም ከራሳቸው ግንዛቤ ነው። 12ን ወደ 64 ማሳደግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ያ ብቻ ከሆነ ጥፋቱ ረዘም ያለ ስም እስኪመጣ ይቆያል እንጂ አይጠፋም። ምክንያቱን በዓይኑ ያየ ተማሪ ግን ከመገልበጡ በፊት ስሙ ስንት ባይት እንደሆነ የሚለካ ኮድ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ፕሮግራሙም ማንም ሳያስታውሰው እንደዚያው ያደርጋል።