የሸሪፍ ቤተ መዘክርና የሐረሪ ቤት ግድግዳ

በሐረር ጁገል ውስጥ ከሚጐበኙት ስፍራዎች አንዱ በሸሪፍ ስም የሚጠራው ቤተ መዘክር ነው። መሥራቹ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የከተማውን የእጅ ጽሑፍ፥ ገንዘብ፥ ጌጣጌጥ፥ የጦር መሣሪያ፥ ስፌትና በቴፕ የተቀዳ ዘፈን ለብዙ ዘመን ሲሰበስቡ ኖረው፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1990ዎቹ በመኖሪያ ቤታቸው ለሕዝብ አሳይተዋል። ኋላም ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው ሕንጻ ተዛወረ። አንድ ሰው በራሱ ወጪና ትጋት ይህን ያህል ማዳኑ ምስጋናው ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ምስጋናው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ ዕቃው ስለ ተቀመጠበት ቤት መናገር ያስፈልጋል።

ሕንጻውን የሠራው የሕንድ ነጋዴ እንደ ሆነ ይነገራል። የተቀረጸው እንጨት፥ በረንዳውና መስኮቱም ይህንኑ ይመሰክራሉ። እጅግ ያማረ ቤት ነው፤ ግን የሐረሪ ቤት አይደለም። እንግዲህ የሐረሪዎች ንብረት የተቀመጠው የሌላ ሕዝብ የቤት ሥርዐት ባለበት አዳራሽ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ለሁሉም ዕቃ እኩል አይከፋም። የአሚሮቹ ገንዘብ በመስተዋት ውስጥ ቢቀመጥ ምንም አይጐድልበትም፤ የገዢው ስም ከራሱ ላይ ተጽፏልና። መጻሕፍቱም እንዲሁ ናቸው። እንዲያውም መሥራቹ ጥንታዊውን የጥረዛ ሙያ ተምረው የተጐዱትን መጻሕፍት ስለሚያድሱ፥ በእኔ ግምት የቤተ መዘክሩ እውነተኛ ክብር ከመደርደሪያው ይልቅ በዚህ ሥራ ነው።

ስፌቱ ግን ሌላ ነው። በሐረሪ ቤት ዋናው ክፍል፥ ማለት ጊዲር ጋር፥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች አሉት፤ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ በዕድሜ፥ በማዕርግና በጾታ ይለያል። ከነደባው በላይ ያለውን ግድግዳ ሴቶቹ በስፌት፥ በእንጨት ገበታና በሳሕን ያለብሱታል። ሹል ክዳን ያለው አፍላላ ስፍራው የታወቀ ነው፤ ሙሽራዪቱ ለአማቷ የምታቀርበው ስፌትም የሁለት ቤተ ሰብ መገናኘት ምስክር ነው። የወለሉና የነደባው ቀይ ቀለም እንኳ በ1887 በኤውሮፓ አቈጣጠር በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ይህ አባባል ስለ ቀለሙ አመጣጥ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ (አስጐብኚዎች ማስረጃ ያስመስሉታል እንጂ።) ነገር ግን ሰዉ ቤቱን ትርጕም እየሰጠ እንደሚኖርበት በቂ ምልክት ነው።

እንግዲህ ስፌቱ ከዚህ ግድግዳ ወርዶ ከመሰሎቹ ጋር በየዓይነቱ ሲደረደር፥ ጐብኚው የሚያየው ቀለሙንና የእጁን ጥበብ ብቻ ነው። ጥበቡ የሚደነቅ ነው፤ ስፌቱ ግን እንደ ገንዘቡ ስም አልተጻፈበትም። ማን ሰፋችው? ለማን ሠርግ? ከየትኛው መቀመጫ በላይ ተሰቅሎ ነበር? ዕቃው ራሱ አይመልስም።

አንዳንድ ሰዎች በከተማው የሐረሪ ባህል ቤት መኖሩን አንሥተው ይህን ትችት ከንቱ ያደርጉት ይሆናል። በእርግጥ በዚያ ነደባውም ግድግዳውም በሥርዐቱ ተሰናድቷል። ነገር ግን የተሰናዳው የማንም ያልሆነ ቤት ነው፤ የሚያስተምረው ደንቡን እንጂ የአንዲትን ቤት ታሪክ አይደለም። አንዱ ቤት ዕቃው አለው፥ ሌላው ግድግዳው አለው።

ሁለቱን በአንድ ጣራ ሥር ማዋሐድ ግድ አይመስለኝም። የሚቸኩለው መዝገቡ ነው። ሰብሳቢው አብዛኛውን ዕቃ ያገኙት ከከተማው ቤተ ሰቦች ስለ ሆነ፥ የየዕቃው መነሻ በእሳቸውና በሻጮቹ ትዝታ ውስጥ ይገኛል። አንድ የኢትኖሎጂ ተማሪ ሐረሪኛ ከምትናገር ረዳት ጋር ሆኖ፥ የአንዱን ክፍል ስፌት ፎቶግራፍ ይዞ ወደ አሮጊቶቹ ቤት ቢሄድ፥ እነሱም «ይህ ከዚህ ላይ ይሰቀል ነበር» ብለው በጣታቸው ግድግዳውን ቢያሳዩት፥ ያንኑ ከስፌቱ ቍጥር ጋር መጻፍ ይበቃል።