ደመወዝና ችሮታ፦ ስለ ኡስማን ሴምቤን «ላ ኑዋር ደ…» ፊልም የቀረበ ሒስ

የሴኔጋሉ ደራሲና የፊልም አዘጋጅ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 ስላወጣው «ላ ኑዋር ደ…» ስለተባለው ፊልም ብዙ ተጽፏል። ሐያስያን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጭንብልና ጭንብሉ በሚወክለው የቅኝ ግዛት ታሪክ ላይ ነው። ይህን አተረጓጐም አንቃወመውም። ይሁን እንጂ ፊልሙ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አንድ የሥራ ውል፥ ይኸውም ተጽፎ ስላልተፈረመ ውል፥ የሚናገር መሆኑ ተዘንግቷል ብለን እናምናለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው።

ታሪኩ ረጅም አይደለም። ዲዋና የምትባል ወጣት ሥራ ፍለጋ በዳካር ከተማ ከሌሎች ሴቶች ጋር በመንገድ ዳር ትጠብቃለች። አንዲት ፈረንሳዊት እመቤት ስትመጣ ሌሎቹ ተሽቀዳድመው ይከቧታል፤ እመቤቲቱ ግን ያልተሽቀዳደመችውን ዲዋናን ትመርጣለች። በዳካር ሥራዋ ልጆች መጠበቅ ነበር። በኋላ አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ተመልሰው በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳር ወደምትገኘው ወደ አንቲብ ያስመጧታል። እዚያ ስትደርስ ግን ሥራው ሌላ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ማብሰል፥ ማጠብ፥ መወልወልና እንግዳ ማስተናገድ የእርሷ ድርሻ ይሆናል። ልታየው የጓጓችለት አገር ወጥ ቤትና አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመጨረሻም በመታጠቢያ ቤት ውስጥ ሕይወቷን ታጠፋለች።

የፊልሙን ዋና ነገር ለመረዳት በቤቱ ውስጥ ምን እንደተሰጠና ምን እንደተከፈለ መለየት ይገባል። ዲዋና በተቀጠረች ጊዜ ደስታዋን ለመግለጽ ጭንብሉን ለአሠሪዎቿ አበረከተች፤ ይህ በእርግጥ ስጦታ ነው። እመቤቲቱም ያረጀ ቀሚሷን ሰጠቻት፤ ይህም ስጦታ ነው። ሆኖም ዲዋና ያንኑ ቀሚስና ባለ ተረከዝ ጫማ ለብሳ ወለል ስትጠርግ እመቤቲቱ ትቆጣለች፤ ሽርጥ ታስታጥቃታለች፤ ገረድ መሆኗንም ታስታውሳታለች። ስጦታ የሰጪው ፈቃድ ነውና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ትርጉሙን ይለውጠዋል። ደመወዝ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ቀን አለው፥ መጠን አለው፥ የሚጠይቀውም ባለመብት አለው። በአንቲቡ ቤት ውስጥ ግን ደመወዝም እንደ አሮጌው ቀሚስ በችሮታ ተራ ገብቷል። ባልየው ገንዘቡን አውጥቶ የሚሰጣት ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው። ዲዋናም ገንዘቡን ትመልስለታለች፤ ጭንብሏንም ትወስዳለች። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ከፍተኛ ቦታ ይህ ነው፤ ሠራተኛይቱ ስጦታዋን መልሳ ስትወስድ የሁለቱን ነገሮች ልዩነት ለአሠሪዎቿ ማስረዳቷ ነው።

ባልየው ጨካኝ ሰው አለመሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ከእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ ለማትችለው ዲዋና እርሱ ያነብላታል፤ መልሱንም እርሷ ምንም ሳትነግረው ራሱ ይጽፍላት ጀመር። እርሷ ከሞተች በኋላም ሻንጣዋንና ገንዘቧን ይዞ እስከ ዳካር ይሄዳል፤ እናቲቱ ግን ገንዘቡን አትቀበልም። ሴምቤን በዚህ የሚያስረዳን የቤት ሠራተኛ መከራ ከክፉ ሰው ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ነው። ደግ አሠሪም ቢሆን የሠራተኛውን ሰዓት፥ ደብዳቤና ደመወዝ በብቸኛ ፈቃዱ የሚያዝ ከሆነ ውጤቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀውን ስለ ቤት ሠራተኞች የሚደነግገውን ስምምነት ቁጥር 189 ከፊልሙ ጎን አስቀምጦ ላነበበ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆንለታል። ስምምነቱ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ የቤት ሠራተኛ ድንበር ሳይሻገር በፊት የሥራውን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲያውቅ፥ በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት እንዲያገኝ፥ በዕረፍቱም ጊዜ በቤት እንዲቆይ እንዳይገደድ፥ ደመወዙም ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እንዲከፈለው ያዛል። ከእነዚህ አንቀጾች ውስጥ በዲዋና ላይ ያልተጣሰ የለም። ፊልሙ ከስምምነቱ በ45 ዓመት ይቀድማል፤ የሕግ ሰዎች ዘግይተው የጻፉትን የፊልም ሰው አስቀድሞ አይቶት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህ የሴኔጋልና የፈረንሳይ ጉዳይ ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን የፊልሙን ስም እንመልከት። ትርጉሙ «የ… ጥቁር ሴት» ማለት ሲሆን የባለቤቱ ስም በነጥብ ተተክቷል። እኛስ በየሰፈራችን «የእነ እገሌ ሠራተኛ» ስንል ስሟን መች ጠርተን እናውቃለን? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ቅጥር ግን ከክልሉ ያወጣል። ስለዚህ ዓይነት ሥራ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚያወጣ የቀደመው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተናግሮ ነበር፤ ከ15 ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ያንኑ ተስፋ ደገመው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአሠሪው ጋር የሚኖረውን ሠራተኛ ጤንነትና ምግባር ለመጠበቅ አሠሪው ተገቢውን እንዲያደርግ ያዛል እንጂ ተገቢው ምን ያህል ሰዓት እንደሆነ አይቆጥርም። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ልጅ ደመወዝ አትጠይቅም፤ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ትላካለች።

ከዚህ ቤት ወጥታ ወደ ዓረብ አገር የምትሄደውም እህታችን የምታገኘው ተመሳሳይ ሕግ ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን በአንቀጽ 7 ከክልሉ አስወጥቷል፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዓትም የሠራተኛይቱ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ሆነ። የዚያ አገር ኢኮኖሚ በወደቀ ጊዜ፥ በ2012 ዓ.ም.፥ ብዙ ኢትዮጵያውያት ሻንጣቸውን እንደያዙ በቤይሩት በአገራቸው ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ታዩ፤ ደመወዛቸው ያልተከፈላቸውም ነበሩ። የዲዋና ሻንጣ በዓይናችን ላይ የሚመጣው እንዲህ ያለውን ስናይ ነው።

ፊልሙን ስናመሰግን ጉድለቱንም መናገር ይገባናል። ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ጭነት አውራጅ ሆኖ የሠራ፥ በሠራተኞች ማኅበርም ውስጥ የታገለ ሰው ነው። ይህ ሰው ለዲዋና በአንቲብ ውስጥ አንዲት የሥራ ጓደኛ እንኳ አልሰጣትም። ብቸኝነቱ ራሱ የሥራው ጠባይ ነው ተብሎ ሊመለስልን ይችላል፤ እውነትም ነው። ይሁንና ተመልካቹ ከአዳራሹ የሚወጣው አዝኖ እንጂ ምን መደረግ እንደሚቻል ተረድቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያው በቤይሩት ከልዩ ልዩ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች መንግሥት ዕውቅና ቢነፍጋቸውም ማኅበር አቋቁመዋል። በመንገድ ዳር ተሽቀዳድመው ይከቡ የነበሩት ሴቶች አንድ ዋጋ ተነጋግረው ቢጠብቁስ ኖሮ? ፊልሙ ይህን ጥያቄ አያነሣም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እርስ በርሳችን አንድ ነገር ተጠያየቅን፤ በየወላጆቻችን ቤት ያለችው ሠራተኛ ደመወዟ ወር በገባ በስንተኛው ቀን ይከፈላል? ከመካከላችን በእርግጠኝነት የመለሰ አልነበረም። የዕረፍት ቀኗንም የሚያውቅ አልተገኘም። ሸሚዛችንን አጥባ ወደ ኮሌጅ የላከችን እርሷ ስትሆን ስለ ሥራ ሕግ ግን በክፍል ውስጥ ተምረን ጥሩ ነጥብ አግኝተናል። ስለዚህ የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን ሁለት ጊዜ ተስፋ የተሰጠበትን ደንብ ረቂቅ ለመለማመጃ ያህል እንዲጽፉ፥ መምህራኖቻችንም እንዲያርሙላቸው እናሳስባለን። ረቂቁ ሲጻፍም ሠራተኞቹ ራሳቸው ይጠየቁ፤ ዲዋና በገዛ ደብዳቤዋ ላይ እንኳ አልተጠየቀችምና።