የኮምፒዩተር ጨዋታ የማስተካከያ ገጽና የሐያስያን ዝምታ

አንድ ሐያሲ ቴያትርን ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ተመልክቶ፣ ከበስተኋላ የተቀመጠው ሰው የተዋናዩን ድምፅ ይስማ አይስማ ሳይጠይቅ ቢጽፍ፣ ሒሱ ጐደሎ መባሉ አይቀርም። ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ በሚጻፈው ሒስ ዘንድ ግን ይህ ጉድለት እንደ ደንብ ተቈጥሮ ይኖራል። ሐያስያኑ ጨዋታውን የሚመረምሩት አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ኀይለኛ በሆነ መሣሪያ፣ ማስተካከያውንም ሁሉ ወደ መጨረሻው ከፍታ አድርሰው ነው። አንባቢው፣ ይልቁንም እንደኛ ተማሪ የሆነው፣ ያንኑ ጨዋታ የሚያገኘው የብቻው ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ነው። እንግዲህ የተመሰገነው ሥራና የሚታየው ሥራ በስም አንድ ሲሆኑ በመልክ ይለያያሉ። ስለዚህ የማስተካከያውን ገጽ እንደ ጨዋታው አንድ ክፍል ቈጥረን ልንመዝነው አስበናል። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ነገሩ ከሒሳብ ይነሣል። በሴኮንድ 60 ሥዕል እንዲታይ ከተፈለገ መሣሪያው እያንዳንዱን ሥዕል በ16.7 ሚሊሴኮንድ መጨረስ አለበት፤ በ30 ከረካን 33.3 ሚሊሴኮንድ ይፈቀድለታል። በ1920 በ1080 ስፋት አንድ ሥዕል 2,073,600 ፒክስል ሲኖረው፣ በ1280 በ720 ግን 921,600 ብቻ ነው፤ ከግማሽ ያንሳል ማለት ነው። ስፋቱን መቀነስ የግራፊክሱን ሸክም ያቃልላል፤ የጠላት ወታደሮችን እንቅስቃሴ የሚያሰላውን የፕሮሰሰሩን ሥራ ግን አያቃልልም። ከዚህም የተነሣ መጀመሪያ ስፋቱን ዝቅ አድርጎ መመልከት ይገባል። የሥዕሉ ቍጥር ከጨመረ ጫናው በግራፊክሱ ላይ ነበር። ካልጨመረ ግን ጥላውንና ጭጋጉን ቢያጠፉት ብዙ አይጠቅምም፤ በመንገድ ላይ የሚታየውን የሰው ብዛት መቀነስ ይሻላል። የገጸ ነገሮች ጥራት፣ ማለት የግድግዳውና የልብሱ መልክ፣ ከሁሉ ይልቅ የሜሞሪ ጕዳይ ነው፤ ሜሞሪው እስከ በቃ ድረስ ፍጥነቱን እምብዛም አይነካም፣ ሞልቶ ሲፈስ ግን ጨዋታው ይንገጫገጫል። የብቻው ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ከዋናው ሜሞሪ ተካፍሎ ስለሚኖር ይህ ችግር ቶሎ ይደርስበታል።

ይህን ሁሉ ተጫዋቹ ከማን ይማር? በ1993 የወጣው ዱም ትምህርቱን በሁለት ነገር ብቻ ይሰጥ ነበር፤ የሥዕሉን ጥራት «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» ማድረግና የሚታየውን መስኮት ማጥበብ። መስኮቱን ያጠበበ ሰው ምን እንደ ከፈለና ምን እንዳተረፈ በዓይኑ ያያል። እንደዚህ ያለ ግልጽነት ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

በ2007 ክራይቴክ የተባለው የጀርመን ድርጅት ያወጣው ክራይሲስ ከፍተኛው ማስተካከያው የዘመኑን ጠንካራ መሣሪያዎች እንኳ ያደክም ስለ ነበረ፣ «ኮምፒዩተርህ ክራይሲስን ይችላል?» የሚለው ጥያቄ የተጫዋቾች ቀልድ ሆነ። ድርጅቱም በ2020 ጨዋታውን አድሶ ሲያቀርብ ይህንኑ ጥያቄ ለመጨረሻው ከፍታ ስም አድርጎ ሰጠው። ቀልዱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ትዕቢትን ወደ ገጹ አስገብቶታል። በ2023 የወጣው የአቫታር ጨዋታ በተቃራኒው ከሁሉ የበለጠውን ማስተካከያ ከገጹ ሰውሮ በልዩ ትእዛዝ ብቻ እንዲከፈት አድርጓል። ይህ ለእኛ የተሻለ ጥበብ መስሎ ይታየናል፤ ተጫዋች የመጨረሻውን ከፍታ ሲያይ የተገባው ቦታ ያ ብቻ እንደ ሆነ ማሰቡ የተለመደ ነውና።

«ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ አልትራ» የሚባሉት ጥቅል ስሞችም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። ስለ ተጫዋቹ ማዕርግ ይናገራሉ እንጂ ስለ ሸክሙ አይናገሩም። በ2019 ለኮምፒዩተር የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በብዙ ደርዘን የሚቈጠር ማስተካከያ አቅርቦ፣ የሚይዘውን የግራፊክስ ሜሞሪም ከላይ ያሳያል። ሀብቱ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ ኤም.ኤስ.ኤ.ኤ. የተባለውን የጠርዝ ማለስለሻ ከፍ ያደረገ ሰው ፍጥነቱ ሲወድቅ ምክንያቱን ለማወቅ ከዚያ ሁሉ መሥመር መካከል መፈለግ አለበት። ጊርስ ኦፍ ዋር 4 በ2016፣ ተከታዩ ጊርስ 5 በ2019፣ ከዚህ የተሻለ መንገድ አሳይተዋል፤ እያንዳንዱ ማስተካከያ በግራፊክሱ፣ በፕሮሰሰሩና በሜሞሪው ላይ የሚያደርሰው ጫና ከባድ ወይም ቀላል መሆኑን በአጠገቡ ጽፈዋል። የፍጥነት መፈተኛቸውም ጫናው ምን ያህል በግራፊክሱ ላይ እንዳረፈ በመቶኛ ይነግራል። እንግዲህ ይህ የሚቻል ነገር መሆኑ ተረጋግጧል።

ሠዓሊው ያሰበው ከፍተኛውን መልክ ነው፣ ሒሱም በዚያው ይመዘን የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን አንቀበለውም። ዝቅተኛውንም ማስተካከያ ያዘጋጁት እነዚያው ሠራተኞች ናቸው፣ የተሸጠውም በዚያው ዋጋ ነው። ጥላው ሲጠፋ ጠላት ከጨለማ የማይለይበት ጨዋታ አለ፤ በተቃራኒው ጌጡ ሁሉ ተነሥቶለት መንገዱና ፊቱ ጥርት ብሎ የሚታይ ጨዋታም አለ። ይህን ልዩነት ለይቶ የማይነግረን ሐያሲ ምን ነገረን?

አሁን ደግሞ አዲስ መሸፈኛ መጥቷል። ኤ.ኤም.ዲ. በ2021 ያወጣው ኤፍ.ኤስ.አር. ትንሹን ሥዕል አጕልቶ ትልቅ የሚያስመስል ዘዴ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዕትም በሌሎች ድርጅቶች አሮጌ ካርዶች ላይ እንኳ ስለሚሠራ ለድኻ መሣሪያ ታላቅ ውለታ ነው። ነገር ግን በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ «ጥራት» የሚለውን የመረጠ ሰው የሚሣልለት በ1280 በ720 ሲሆን፣ «ፍጥነት» የሚለውን የመረጠ በ960 በ540 ነው። በብዙ ጨዋታ ገጹ የሚያሳየው ስሙን ብቻ ነው፤ ቍጥሩን በአጠገቡ ለመጨመር የሚያስፈልገው አንድ መሥመር ነበር።